የኑርሁሴን ተሳቢ

ኮምቦልቻ ውስጥ ኑርሁሴንን በመልክ የማያውቅ ሰው ቢገኝ እንኳ መኪናውን የማያውቅ አልነበረም። ቀይ፣ ከመሬት ብዙም ከፍ ያላለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ባለ ሸራ ጣሪያ ፊያት ነበረች። ለእሽቅድምድም የተሠራች ናት ይሏታል። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ የዕቃ ቦታዋ ከፊት ነው፤ እዚያም አንድ እስኮርታ ጎማ ከገባ ወዲያ ክሪክ እንኳ አያስገባም። ስለዚህ ኑርሁሴን ከኋላዋ ተሳቢ ቀጠለላት። ከተገለበጠች ሴይቼንቶ መኪና አክሰሉን ነቅሎ፣ የአሮጌ አልጋ ብረት በይዶበት፣ በላዩ ላይ ትርፍ ጎማዎቹን ደርድሮ በሰንሰለት ያስራል። ከጎማዎቹ ሥር የመሣሪያ ሳጥኑ፣ ክሪኩ፣ የእግር ፓምፑ፣ የጎማ መፍቻ ብረቶቹና የከመነዳሪ መለጠፊያው ይቀመጣሉ። እንዲያ ሆና ስትሄድ ላያት፣ የሙሽራ ቀሚስ ለብሳ እንጨት የተሸከመች ልጅ ትመስል ነበር።

መኪናዋ የሲኞር ብሩኖ ነበረች። ሲኞር ብሩኖ፣ ኑርሁሴን ከልጅነቱ ጀምሮ የሠራበት ጋራዥ ባለቤት ነው። ጋራዡ ተወርሶ የመንግሥት ሲሆን ሻንጣውን አንጠልጥሎ በአሰብ በኩል አገሩ ገባ። ሲሄድ ቁልፏን ለኑርሁሴን ሰጠው።

"ሌላ ሰው ይሸጣታል፤ አንተ ግን ትነዳታለህ" አለው።

ኑርሁሴን በአዲሶቹ አለቆች ሥር ጥቂት ሠርቶ አልሆን ሲለው የራሱን ሥራ ጀመረ። ዘመኑ ጎማ የጠፋበት ዘመን ነው። ከሱቅ አይገኝም፤ በመሥሪያ ቤት በኩል ወረፋ ጠብቆ አዲስ ጎማ የደረሰው ሰው ወንድ ልጅ እንደተወለደለት እንኳን ደስ ያለህ ይባላል። ሌላው ሽቦው ብቅ ባለ ጎማ ይሄዳል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ጠመዝማዛ ደግሞ እንዲህ ያለውን ጎማ አይምርም። ታክሲው ይፈነዳበታል፣ የመንግሥት ቢሮ ላንድሮቨር ጥጉን ይዞ ይቆማል፤ ያን ጊዜ አንዱ "ኑርሁሴንን ጥሩት" ይላል። ኑርሁሴን ይመጣል። በክሪክ ያነሳል፣ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል። የማይለጠፍ ከሆነ ልኩ የሚሆነውን ከተሳቢው አውርዶ "ስትመለሱ ትሰጡኛላችሁ" ብሎ ያስርላቸዋል።

ከዚህ ሁሉ የማይወዳት ሥራው ካለቀ በኋላ ያለችውን ጊዜ ነበር። ሰዎቹ አመስግነው፣ መርቀው፣ እየተሳሳቁ ይገባሉ። በሩ ይዘጋል። መኪናው መታጠፊያውን ይዞርና ድምፁ ይርቃል። ኑርሁሴን ከመንገዱ ዳር ቆሞ እጁን በናፍጣ ጨርቅ ያብሳል፤ ብረቶቹን አንድ በአንድ ይሰበስባል፤ የሰንሰለቱን ቁልፍ ይጠረቅማል። ከዚያ ወዲያ ከታች ከቦርከና ወንዝ በኩል ከሚመጣው ንፋስ በቀር የሚያናግረው የለም።

ሚስቱ ጣይባ ከሞተች ቆይታለች። አንድ ልጁ መዲና አግብታ አሰብ ገብታለች፤ ባሏ የወደብ ሠራተኛ ነው። ኢድ በደረሰ ቁጥር "አባዬ፣ መጥተህ ከኛ ጋር ኑር" ትለዋለች። "ሙቀቱን አልችለውም" ይላታል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአማች ቤት ጥግ ላይ ተቀምጦ ምሳ የሚጠብቅ ሽማግሌ መሆንን ፈርቶ ነው። እናም ኮምቦልቻ ቀረ። በመኪናዋ የቀኝ ወንበር ላይ ጃኬቱንና የምሳ ዕቃውን ያስቀምጣል። ወንበሩ ባዶ እንዳይመስል ነበር ቢባል አይካድም።

አልታየች የምትባለውን ሴት ያገኛት በክረምት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሐረጎን ሸፍኖታል። አንዲት ታክሲ ጎማዋ ፈንድቶ ቸርኬው ራሱ ተቆልምሟል። ኑርሁሴን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ልኳ የሚሆን ጎማም በዚያ ቀን ከተሳቢው ላይ አልነበረም። ተሳፋሪዎቹ ባገኙት መኪና እየተንጠላጠሉ ሄዱ። በመጨረሻ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ሳጥን ከእግሯ ሥር አድርጋ አንዲት ሴት ብቻዋን ቀረች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ነጠላዋ በካፊያ ርሷል።

"ወዴት ነዎት እህቴ?" አላት።

"ደሴ። ሆጤ፣ አክስቴ ዘንድ። ሳጥኑን ማንም አልጭንም አለኝ።"

"ምንድነው?"

"የስፌት መኪና ነው" አለች።

ኑርሁሴን ሳጥኑን ተቀብሎ ከጎማዎቹ ሥር፣ ዝናብ ከማያገኘው ቦታ ሸጎጠው። ከብዶታል፤ ግን የስፌት መኪና ይከብዳል። ከዚያ ጃኬቱንና የምሳ ዕቃውን ከቀኝ ወንበር አንስቶ የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። እነሱንም ተሳቢው ላይ ወረወራቸው።

መኪናዋ ያን ሁሉ ብረትና ጎማ ጎትታ ሐረጎን በአንድ ትንፋሽ አትወጣም። ዳገቱ ሲጋመስ፣ ሰፋ ካለችው መታጠፊያ ላይ ቆማ መቀዝቀዝ አለባት። ኑርሁሴን የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አልታየችም ወርዳ ከመንገዱ ጫፍ ቆመች። ጭጋጉ ሲገለጥ የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ከታች ብልጭ ይላል፤ ሲመለስ አገሩ ሁሉ ይጠፋል።

ኮምቦልቻ ውስጥ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ እንደሆነች ነገረችው። ልጅ እንደሌላትም። ባሏን ሳይጠይቃት ራሷ አነሳችው።

"በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ከመሥሪያ ቤት ነው የወሰዱት። ምሳውን ሠርቼ ነበር" አለች።

ኑርሁሴን "አሏህ ያጽናሽ" አለ። አንቺ ማለቱ አምልጦት ነው። እሷ ግን "አንቺ ይበሉኝ፤ ይሻለኛል" አለችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳጥኗን ይዛ ከቤቱ በር ላይ ቆማ አገኛት። ከዚያም በሚቀጥለው። ኑርሁሴን መለጠፊያና ከመነዳሪ ፍለጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ወደሚባለው ሰፈር መውጣት ልማዱ ነበር፤ እሷ ከመጣች ወዲህ ግን መለጠፊያው ሞልቶ ተርፎም ይወጣል። ጠዋት ሆጤ ያደርሳታል፣ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ከሻይ ቤቱ በር ላይ ከነሳጥኗ ያገኛታል፣ አብረው ይወርዳሉ። "አክስቴ ማሽን የላትም" ትላለች። ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ ጢሙን መላጨት ጀመረ። ጎረቤቶቹ አዩ። "ኑርሁሴን በስተርጅና ጴንጤ ሊያገባ ነው" ተባለ። ሰምቶ ተቆጣ፤ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን ፈገግ ብሎ ነበር። ስሙ ከሰው ስም ጋር ተያይዞ ከተነሳ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ጴንጤ መሆኗን ከወሬው በፊት ራሱ አውቆ ነበር። አትምልም። እሱ ደግሞ አፉን በከፈተ ቁጥር ወላሂ ነው።

"ወላሂ፣ ይቺ ሞተር እኔ እስክሞት አትሞትም" ይላል።

"ሳይምሉም አምንዎታለሁ ጋሽ ኑርሁሴን" ትለዋለች።

እዚያች መታጠፊያ ላይ ሞተሯ እስክትበርድ የሽንብራ ቆሎ ከቦርሳዋ አውጥታ ታካፍለዋለች። ብዙ አያወሩም። እሷ ስለ ተማሪዎቿ ትነግረዋለች፤ እሱ ስለ ሲኞር ብሩኖ፣ ስለ ጣይባ፣ መዲና በልጅነቷ ጎማ ውስጥ ተቀምጣ ቁልቁል ስለተንከባለለችበት ቀን። ሞተሯ ከበረደች በኋላም ትንሽ ይቆያሉ። ይህን ማን እንደጀመረው አይታወቅም።

አንድ ቀን መንገዱ ተቦርቡሮ ስለነበር መኪናዋ ጉድጓድ ገብታ ወጣች። ተሳቢውም ተከትሎ ሲዘል ከኋላ እንደ ታመመ ሰው አቃሰተ። ረጅም፣ የሚያሳዝን ድምፅ ነበር።

"ሰማሽ?" አለ ኑርሁሴን። "ኩሽኔታው ነው። ግራሶ አንሶታል።"

አልታየች ጉሮሮዋን ጠረገች።

ሳምንቱን ሙሉ ተሳቢውን ፈትቶ ኩሽኔታውን አጥቦ ግራሶ ሞላው። በቀጣዩ ቅዳሜ እዚያው ቦታ ሲደርሱ ተሳቢው ጭራሽ በሁለት ድምፅ አቃሰተ። ኑርሁሴን ተናደደ። "ይሄ ብረት ሸይጣን ሰፍሮበታል እንዴ?" እያለ ሲያጉረመርም ዞር ቢል አልታየች ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መሰለው።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ንፋስ ነው" አለች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ባሏን አስታውሳ ይሆናል አለ በልቡ። እስከ ደሴ ድረስ ቀስ ብሎ ነዳ።

መስከረም ከጠባ በኋላ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት ሳጥኗን ተሸክማ ቤቱ መጣች። ነገ የአስተማሪዎች የውይይት ስብሰባ አለ፤ የቀረ ስሙ ይያዛል።

"ለአክስቴ ያደርሱልኛል? ሰርግ አለባት፤ የሚሰፋ ልብስ ተከምሮባታል።"

"አንቺ አትመጪም ማለት ነው።"

"አልችልም።"

ቅር አለው። ግን ዕቃዋን ለሱ አምና መስጠቷ ደግሞ ደስ አሰኘው። ሳጥኑን እንደ ወትሮው ከጎማዎቹ ሥር አስቀመጠ፤ በበነጋው ጃኬቱን ወደ ቀኝ ወንበር መልሶ ብቻውን ወጣ።

በደሴ መግቢያ ላይ ኬላ አለ። በኬላው ከሚቆሙት አብዮት ጠባቂዎች አንዱ በላቸው ይባላል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከጠመንጃው ይልቅ ለብስክሌቱ የሚጨነቅ ጎልማሳ ነው። የብስክሌቱ ከመነዳሪ ከላስቲኩ ይልቅ ልጣፊው ይበዛል፤ ልጣፊው ሁሉ የኑርሁሴን ሥራ ነው። ስለዚህ ቀይዋን መኪና ገና ከሩቅ ሲያይ ገመዱን ዝቅ ያደርግላት ነበር። በዚያ ቀን ግን ከቢሮ የመጣ፣ ካኪ የለበሰ ሹም አጠገቡ ቆሟል። "ሁሉም ይፈተሽ" ተብሏል። ከኋላ አንድ አውቶቡስ ተሳፋሪውን አውርዶ ተራ ይጠብቃል።

"ተሳቢው ላይ ምንድነው ያለው?" አለ ሹሙ።

"ጎማ ነው። መሣሪያ ነው" አለ ኑርሁሴን።

"ከጎማው ሥር ያለውስ?"

"የስፌት መኪና።"

"አውርደው" አለ ሹሙ በላቸውን።

በላቸው ጎማዎቹን ገፋ አድርጎ ሳጥኑን በአንድ ጎኑ አነሳው። ያን ጊዜ ሳጥኑ አቃሰተ። ያው ረጅም፣ የሚያሳዝን ድምፅ። ተሳቢው ግን ቆሟል። ኩሽኔታ ሳይዞር አይጮህም። ኑርሁሴን ከመሪው ላይ እጁን ሳያነሳ ሁሉም ነገር ገባው። የጎዳናው ጉድጓድ፣ የፈጀው ግራሶ፣ ፊቷን ወደ ገደል አዙራ የተንቀጠቀጠው ትከሻ። ስታለቅስ አልነበረም፤ ስትስቅ ነው።

ብርድ ልብሱ ሲፈታ፣ ክዳኑ ሲከፈት፣ ጥቁር አኮርዲዮን ወጣ። ቁልፎቹ እንደ ጥርስ ነጭ ናቸው። ሹሙ አገላብጦ አየው።

"ይሄ የታሸገው የጴንጤዎች ጸሎት ቤት ንብረት ነው። ቤቱ ሲታሸግ ጠፍቶ ነበር። ከየት አመጣኸው?"

ኑርሁሴን በላቸውን አየው። በላቸው ሴትዮዋን ከነሳጥኗ በዚህ ኬላ ስታልፍ ብዙ ቀን አይቷታል። በላቸው ግን መሬት መሬቱን ያያል።

"የኔ ነው" አለ ኑርሁሴን።

"ያንተ? ስምህ ማነው?"

"ኑርሁሴን።"

"ኑርሁሴን አኮርዲዮን ይጫወታል?"

"እየተማርኩ ነው።"

"እስቲ ተጫወትልን" አለ ሹሙ፣ ወደ አውቶቡሱ ተሳፋሪዎች ዞር ብሎ። "ሕዝቡም ይስማ።"

ኑርሁሴን ወረደ። ማሰሪያውን አንገቱ ላይ አጠለቀው፤ ክንድ የሚገባበት እንደሆነ አላወቀም። ጎማ የለመደ እጁ ቁልፎቹ ላይ ሲያርፍ ሦስቱን አራቱን በአንዴ ይጫናል። ሳበው። አኮርዲዮኑ እንደ ጠፋች ጥጃ ጮኸ። ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ብቻ አልሳቀችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ገፋው፤ አሁንም ጮኸ። ሹሙ እጁን አነሳ።

"ይበቃል። አሁን አንድ ነገር በለኝና እለፍ። ወላሂ የኔ ነው በል።"

የሹሙ ነገር ጨዋታ ይሁን የእውነት ኑርሁሴን አላወቀም። መንገዱ ግን ክፍት ነበር፤ ገመዱም ዝቅ ብሏል። በቀን ስንት ጊዜ ለማይረባ ነገር ወላሂ የሚል ሰው ነው። አፉን ከፈተ። ከሰው ፊት መዋሸት አንድ ነገር ነው፤ አሏህን ለሐሰት መጥራት ሌላ። አፉን መልሶ ዘጋው።

ታሰረ። ከማን እንዳገኘው ጠየቁት፤ መንገድ ላይ ወድቆ ነው አለ። ውስጥ እግሩን ገረፉት፤ መንገድ ላይ ወድቆ ነው አለ። ሲሰለቻቸው ተዉት። ከብዙ ሰው ጋር በአንድ ክፍል ታጉሮም ብቸኝነቱ አለቀቀውም። ሌሎቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ የታሰሩበትን ጉዳይ ያውቃሉ። እሱ ለማያውቀው መዝሙር ነው የታሰረው። በየቀኑ ምግብ የምታመጣለት ከሆጤ የመጣች አንዲት አሮጊት ነበረች። በርበሬው ያነሰ ወጥ ነው። ስሟን አልተናገረችም፤ የማንንም ስም አላነሳችም። "ይብሉ ልጄ" ትልና ትሄዳለች። አክስቲቱ እንደሆነች ገባው።

ከእግሩ ቁስል ይልቅ አንድ ነገር ያብሰለስለው ነበር። ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ ቆሎ፣ ለሱ ነበር ወይስ ሳጥኑን ለሚሸሽጉት ጎማዎች? ማታ ማታ የሚመጣበት የስቃይ ቤቱ ጩኸት ሳይሆን ይህ ነበር። አንዳንዴ ስትስቅ የተንቀጠቀጠው ትከሻዋ ይታየውና ይናደዳል። አንዳንዴ ያንኑ ሲያስታውስ ራሱም ሳቅ ይመጣበታል።

በመጨረሻ ያስፈታው ፍርድ አይደለም፤ ጎማ ነው። የቢሮዎቹ ላንድሮቨሮች አንድ በአንድ ቆመው ግቢውን ሞሉት፤ የሚለጥፍ ሰው ጠፋ። ከእስር ቤቱ አውጥተው ግቢ ውስጥ ለብዙ ቀን አሠሩት፤ ሲጨርስ "ሂድ፣ ሁለተኛ እንዳናይህ" አሉት። መኪናዋን መለሱለት። ተሳቢውን ግን አላገኘም። በርሜል ጭኖ ውሃ ሲያመላልስ ከሩቅ አየው፤ ትርፍ ጎማዎቹም ተከፋፍለዋል። አልጠየቀም።

ኮምቦልቻ በገባ ማግስት አልታየች ከበሩ ላይ ቆማ አገኛት። ሳጥን የላትም፤ ሻንጣ ይዛለች። ከስታለች።

"ዝውውር ደረሰኝ" አለች። "ወደ ከላላ፣ ከወረኢሉ ወዲያ። ደሴ ድረስ ያደርሱኛል?"

"ግቢ" አላት።

መኪናዋ ተሳቢ የላትም፤ ቀልሏታል። ሐረጎን እንደ ወፍ ወጣችው። የሙቀት መርፌው ከመሀል አላለፈም። ሁልጊዜ የሚቆሙባት መታጠፊያ ስትደርስ ኑርሁሴን ዳር ይዞ ቆመ።

"ሞቀች እንዴ?" አለች አልታየች።

"አልሞቀችም።"

ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከታች ኮምቦልቻ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ኑርሁሴን መሪውን እንደያዘ ነው።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጪው ለዚህ ወንበር ነበር ወይስ ለተሳቢው?"

አልታየች ሻንጣዋን ጉልበቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

"አልዋሽዎትም" አለች። "መጀመሪያ ለተሳቢው ነበር። ኮምቦልቻ በድብቅ የሚሰበሰቡት እኔ ከሌለሁ የሚጫወትላቸው የለም፤ ደሴም እንደዚሁ። መሣሪያው ደግሞ አንድ ነው። ግን..."

"ይበቃል። ገባኝ" አላትና ሞተሩን አስነሳ።

ሸራው ተገልጦ ነበር፤ መኪናዋ ስትፈጥን ንፋሱ ቃል አያሰማም። አልታየች አንድ ጊዜ ወደሱ ዞራ አንድ ነገር ተናገረች። አልሰማትም፤ እንዲሰማም ፍጥነቱን አልቀነሰም። መናኸሪያው በር ላይ ሻንጣዋን አወረደላት።

"ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ኑርሁሴን" አለች።

"አብሽሪ፤ ምን አጠፋሽና" አለ። መልካም ሰው የሚለውን ነው ያለው። ፊቷን ግን አላየም። አውቶቡሱ እስኪነሳ አልቆየም።

ቤቱ ገብቶ ከተኛ በኋላ ነው ያቺ "መጀመሪያ" የምትለው ቃል የመጣችበት። መጀመሪያ ያለ ሰው ቀጥሎ የሚለው አለው። "ግን" ብላም ነበር። ምን ልትል ነበር? ተነስቶ ተቀመጠ። የሚጠይቀው ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሌላ ተሳቢ ሠራ፤ ከቀድሞው ያነሰ። ጎማም ቀስ በቀስ ሰበሰበ። መኪናዋ እንደገና ሐረጎ ላይ ትሞቅና ትቆም ጀመር፤ እሱም ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ትበርዳለች ብሎ ይጠብቃል። ቆሎ ገዝቶ ሞክሮ ነበር፤ ብቻውን ሲበሉት ጥርስ ይሰብራል ብሎ ተወው። በአብዮቱ በዓል ቀን ፒያሳ ሲደርስ የኪነት ጓዶቹ መድረክ ላይ ወጥተው ሲዘምሩ፣ አንድ ወጣት ያንኑ ጥቁር አኮርዲዮን አንግቦ ይጫወታል። ጥሩ አድርጎ ነው የሚጫወተው። ኑርሁሴን ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ ትንሽ ሰማ፤ ከዚያ መለጠፊያውን ሳይገዛ ወረደ።

በሚቀጥለው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ በላቸው ኮምቦልቻ መጣ። ጠመንጃ አልያዘም፤ ብስክሌቱንም እየገፋ አልነበረም።

"ለሰሜን ዘመቻ ደርሶኛል ጋሽ ኑርሁሴን" አለ። "እናቴን ልሰናበት መጥቼ ነበር። ደሴ መሰብሰቢያው ድረስ ቢያደርሱኝ ብዬ ነው። ካላሳፈርኩዎት።"

ኑርሁሴን ካኪ ከለበሰው ሹም አጠገብ መሬት መሬቱን ያየውን ሰው ለአፍታ አየው። ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሳ።

መታጠፊያዋ ላይ ደረሱ። ሞተሯ ስትቆም በላቸው ወርዶ ድንጋይ እየለቀመ ወደ ገደሉ ይወረውር ጀመር።

"ያን ጊዜ" አለ ሳይዞር፣ "በተያዙ ማግስት ሴትዮዋ ኬላው መጥታ ነበር። በእግሯ ነው የመጣች። ዕቃው የኔ ነው፣ ሹሙን አገናኘኝ፣ ሰውየውን ልቀቁ አለችኝ።"

ኑርሁሴን የሞተሩን ክዳን እንደያዘ ቀረ።

"መለስኳት። አንድ የታሰረው ሁለት ይሆናል እንጂ እሱ አይፈታም አልኳት። ደግሞ መጣች። ደግሞ መለስኳት። በሦስተኛው ጠመንጃዬን አዞርኩባት፤ ምን ላድርግ። ያኔ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለማንም እንዳትናገር ያልኳት እኔ ነኝ። ለርስዎም ጭምር። እኔም ልጆች አሉኝ።"

"እሺ" አለ ኑርሁሴን።

"ተቀየሙኝ?"

"አልተቀየምኩህም። ግባ፤ በርዳለች።"

ደሴ መሰብሰቢያው ግቢ በር ላይ ብዙ ወጣት፣ ብዙ እናት ነበረ። በላቸው እጁን ጨብጦት ገባ። "አሏህ በሰላም ይመልስህ" አለው ኑርሁሴን፤ በላቸውም ክርስቲያን ቢሆንም አሜን አለ። ሰው በሰው ላይ ሲደራረብ ቀጭን ጀርባው ጠፋበት። አሁን ደሴ ኬላ ላይ ኑርሁሴንን በስሙ የሚጠራው የለም።

ከዚያ ወደ መናኸሪያው ነዳ። ወደ ወረኢሉ ጨው የሚጭን አንድ ሾፌር የኑርሁሴን ተሳቢ ላይ ተደግፎ ጎማዎቹን እያየ ነበር።

"ከላላ በዚች መኪና ይገባል?" አለው ኑርሁሴን።

ሾፌሩ ፊያቷን ከፊት እስከ ኋላ አያት። አልሳቀም፤ ጨዋ ሰው ነበር።

"ሆዷ ዝቅ ያለ ነው። ከወረኢሉ ወዲያ ድንጋዩ ይቀድዳታል፤ ወንዙ ደግሞ አሁን ሞልቷል። ተሳቢውን ትተው እንኳ አይሆንም።"

"አንተ ትደርሳለህ?"

"እኔ እንኳ ወረኢሉ እቆማለሁ። ከዚያ ጨው ጭነው የሚሄዱ የከላላ ሰዎች አሉ። መልእክት ካለዎት አደርሳለሁ። ለማን ነው?"

"ለአንዲት አስተማሪ። አልታየች ትባላለች።"

"ምን ልበላት?"

ኑርሁሴን ብዙ ሊል ፈለገ። ያን ቀን ንፋሱ የወሰደውን ነገር ድገሚልኝ በላት ሊል። ሦስት ጊዜ በእግርሽ መምጣትሽን ሰማሁ በላት ሊል። ሾፌሩ ግን የማያውቀው ሰው ነው፤ ነገሩም ከአፍ ወደ አፍ፣ ከጨው ጭነት ወደ በቅሎ ሲተላለፍ ምን ሆኖ እንደሚደርስ ማን ያውቃል። አብዮት ጠባቂ ያለው ደሴ ብቻ አይደለም።

"ኑርሁሴን ደህና ነው በላት" አለ።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

ሾፌሩ ራሱን ነቅንቆ ካቢናው ውስጥ ገባ። ኑርሁሴን መኪናው ከመናኸሪያው ወጥቶ የወረኢሉን መንገድ እስኪይዝ ድረስ ቆሞ አየው። ከዚያ የሰንሰለቱን ቁልፍ ነካ ነካ አድርጎ አየና ገባ። ካፊያ ጀምሯል፤ ሸራውን ሳይዘረጋ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ወረደ።